«ያስገባችሁብኝ ምንድን ነው?»

እ.ኤ.አ. በ1962 አንዲት የስድስት ልጆች እናት በቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ወደሚገኘው ጄፈርሰን ዴቪስ ሆስፒታል ሄደች። ደረቷ ላይ የተነቀሰችውን ጽጌረዳ ለማስጠፋት ነበር የሄደችው። የአንገት ንቅሳታቸውን ለማስጠፋት የክሊኒክ ደጅ የጠኑ እህቶቻችን ስሜቷን ያውቁታል። ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ግን ሌላ ነገር አነሱባት፤ ጡት የሚያተልቅ አዲስ ሕክምና ለመሞከር ፈቃደኛ መሆኗን ጠየቋት። እሷን ያሳስቧት የነበሩት ጆሮዎቿ ናቸው። ጆሮዎቿን ካስተካከሉላት እሺ እንደምትል ነገረቻቸው፤ ሁለቱንም አደረጉላት። ጡቷ ውስጥ ያስገቡት በሲሊኮን የተሞላ ከረጢት ከእሷ በፊት የተሞከረው ውሻ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች ይህንኑ ሕክምና አድርገዋል። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ የሚጠይቁት ይመሳሰላል። ያማል? ጠባሳው ይታያል? መቼ ሥራ እመለሳለሁ? ልጅ ማጥባት እችላለሁ? ዕድሜ ልኬን ይቆይልኛል? በእነዚህ ሁሉ ሥር አንድ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎቹ የሚያነሡት ግን ችግር ሲገጥማቸው ነው። ያስገባችሁብኝ ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት ሊመለስ ይገባው የነበረው ይህ ጥያቄ በወጉ ለመመለስ ወደ ስልሳ ዓመት ፈጅቷል።

አሜሪካ የሕክምና ዕቃዎችን ሽያጭ የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1976 ነው። ከረጢቱ ያን ጊዜ ገበያ ላይ ስለነበር የደኅንነት ማስረጃ ሳይቀርብበት መሸጡ ቀጠለ። የሴቶቹ አቤቱታ ግን እየበዛ ሄደ፤ ጡታቸው እንደ ድንጋይ የጠነከረባቸው፣ ከረጢቱ የተቀደደባቸው፣ መገጣጠሚያቸውን የሚቆረጥማቸውና ድካም አልለቅ ያላቸው ነበሩ። መጠንከሩ ምክንያቱ ይታወቃል። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በስስ የጠባሳ ሽፋን ይከብበዋል። በአንዳንድ ሴቶች ይህ ሽፋን ይኮማተርና ከረጢቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ያኔ ጡቱ ቅርጹ ይዛባል፣ ያማልም። በ1992 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) ኃላፊ ዴቪድ ኬስለር አምራቾቹ የዕቃውን ደኅንነት አላረጋገጡም ብለው የሲሊኮኑ ሽያጭ እንዲገታ አደረጉ፤ ከጡት ካንሰር በኋላ ጡታቸውን መልሰው ለሚያሠሩና በጥናት ለሚታቀፉ ሴቶች ብቻ ተፈቀደ። ትልቁ አምራች ዳው ኮርኒንግ በክስ ብዛት በ1995 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት የጠራቸው ሊቃውንት ማስረጃውን መርምረው፣ ሲሊኮን መላ ሰውነትን የሚያውክ በሽታ ለማምጣቱ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ፣ መቀደዱና መጠንከሩ ግን እውነተኛና ተደጋጋሚ ችግር መሆኑን ጻፉ። በ2006 ሽያጩ እንደገና ተፈቀደ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የፈረንሳዩ ታሪክ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በላ ሴን ሱር ሜር፣ ፖሊ ኢምፕላንት ፕሮቴዝ የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ ሰው በአጭሩ ፒፕ ይለዋል። መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ ወጪ ለመቆጠብ፣ ለሕክምና በተፈቀደው ጄል ፈንታ ለኢንዱስትሪ በሚውል ሲሊኮን ከረጢቶቹን ያስሞላ ነበር። የፋብሪካውን ጥራት የሚመረምረው የጀርመን ድርጅት ሰዎች የሚመጡበትን ቀን አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ያልተፈቀደው ዕቃ ይሰወራል። እንዲህ እየተደረገ ዓመታት አለፉ። ቀዶ ሐኪሞች ከረጢቱ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ እየተቀደደ መሆኑን ማመልከት ከጀመሩ በኋላ፣ መጋቢት 2010 የፈረንሳይ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ገብተው ጉዱን አገኙት። በዚያ ጊዜ ከረጢቱ በ65 አገሮች በ300,000 ገደማ ሴቶች ሰውነት ውስጥ ነበር።

የአንዲትን ሴት ያን ሰሞን ማሰብ ነው። ዜናውን በቴሌቪዥን ትሰማለች። የፋብሪካውን ስም ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ቀዶ ሐኪሟን ብትጠይቅ ምናልባት ጡረታ ወጥቷል፤ ክሊኒኩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። መዝገብ ካልተያዘ ደረቷ ውስጥ ያለው የየትኛው ፋብሪካ ዕቃ እንደሆነ የሚነግራት የለም። የፈረንሳይ መንግሥት በታኅሣሥ 2011 በአገሩ ያሉ 30,000 ገደማ ሴቶች እንዲያስወጡት መክሮ ወጪውን ሸፈነ። ብሪታንያ ግን ሁሉም ሴት ማስወጣት አያስፈልጋትም አለች። በመንግሥት ሆስፒታል ያስገቡት የመቀየር ዕድል ሲያገኙ፣ አብዛኞቹ በግል ክሊኒክ ያስገቡ ስለነበሩ ከክሊኒኮቹ ጋር ንትርክ ገቡ። በ2013 ማርሴይ ላይ ችሎት ሲከፈት ከሳሾቹ ከ5,000 በላይ ስለነበሩ ፍርድ ቤቱ አልበቃ ብሎ ክሱ የተሰማው በስብሰባ ማዕከል አዳራሽ ነው። ማስ አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት፣ ከፒፕ ቅሌት ወዲህ ብሪታንያ ስለ ውበት ሕክምናዎች ያስጠናችው ሪፖርት፣ በመርፌ የፊት መሙያ የሚወጋ ሰው የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው የተሻለ የሕግ ጥበቃ እንደሌለው ጻፈ። የእንግሊዝ የከረጢት መዝገብ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2016 ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኤፍዲኤ በ2011 ከከረጢቱ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ያልተለመደ የሊምፎማ ካንሰር አስጠነቀቀ። ገጹ ሻካራ በሆነው ከረጢት ላይ ጎልቶ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ጡት አብጦ ፈሳሽ ሲቋጥር የሚታወቅ ነው። በሐምሌ 2019 በዓለም ዙሪያ 573 ታማሚዎችና 33 ሞት ተመዝግቦ ስለነበር፣ አለርጋን ባዮሴል የተባለውን ሻካራ ምርቱን ከገበያ እንዲሰበስብ ተጠየቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ሴቶች በኤፍዲኤ ስብሰባ ቀርበው ስለ ድካማቸው፣ ስለ ሕመማቸውና ስለ መርሳታቸው ተናገሩ። ይህን የሕመም ስሜት የሚያረጋግጥ ምርመራ እስካሁን የለም፤ ከረጢቱን አስወጥተው የተሻላቸው ሴቶች ግን አሉ። ምርመራ የለውም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም፤ ለሠላሳ ዓመት ሲያመለክቱ ለኖሩ ሴቶች ቢያንስ ይህን ያህል መታመን ይገባቸው ነበር።

በጥቅምት 2021 ኤፍዲኤ ሽያጩን የገደበው ሴቲቱ ስጋቶቹን አንድ በአንድ አንብባ እንድትፈርም ለሚያደርጉ ሐኪሞችና ተቋማት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ መልሶቹ በግልጽ ሰፍረዋል። ከረጢቱ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ በቆየ ቁጥር ሌላ ቀዶ ሕክምና የማስፈለጉ ዕድል ይጨምራል። የሲሊኮኑ ከረጢት ሳይሰማ ሊቀደድ ስለሚችል ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታያል። ማጥባት የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ቢላዋው በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለፈ ግን ወተቱ ሊቀንስ ይችላል። የጡት ራጅ የምታነሣ ሴት ከረጢት እንዳላት አስቀድማ መናገር አለባት፤ ከረጢቱ የጡቱን ክፍል ከራጁ ሊጋርድ ይችላል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ኬሎይድ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ የማበጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ደረት፣ ትከሻና የጆሮ ጫፍ ደግሞ ዋና ቦታዎቹ ናቸው። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት ወይም በቤተሰቧ ኬሎይድ ያለ ሴት ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ትናገር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ለታካሚዋ ይሰጣታል። ውጭ አገር አስገብታ ስትመለስ ካርዱ ከሻንጣዋ የጠፋባት ሴት ሁሉም ነገር አልጠፋባትም። ከረጢቱ ከማሸጊያው ሲወጣ ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ተልጦ በቀዶ ሕክምና መዝገቧ ላይ ይለጠፋል፤ ሆስፒታሉ ክፍት እያለ የዚያን ገጽ ቅጂ ትጠይቅ።