ሰማያዊቱ የዛፍ ሸረሪትና አሳዳሪዋ



ሰው ውሻ ቢያሳድግ ቤቱን እንዲጠብቅለት፣ ድመትም ቢያሳድግ አይጥ እንድትይዝለት ነው። ሸረሪትን በቤቱ ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ግን መጥረጊያ ማንሣት እንጂ ምግብ ማቅረብ ልማዱ አይደለም። በዚህ ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ አድማጫችን የላኩልን ደብዳቤ ከዚህ ልማድ የተለየ ነገር ይዞ መጥቷል። በጀርመን አገር ትምህርቱን የሚከታተለው ልጃቸው መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ሸረሪት ገዝቶ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ እንደሚያሳድር ከነፎቶግራፉ ጽፎላቸዋል። እናቱም ፎቶግራፉን ካዩ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል። «ልጃችን ጤና ነውን? ይህችስ አውሬ ትገድለው ይሆን?» ሲሉ አባት ይጠይቁናል። ጥያቄው የሌሎችም ወላጆች ሊሆን ስለሚችል የዛሬውን ንግግራችንን ለዚሁ ጉዳይ አድርገነዋል።

እንደዚህ ያሉት ትልልቅና ጠጉራም ሸረሪቶች ታራንቱላ ይባላሉ። ስሙ የተገኘው በደቡብ ኢጣልያ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በቀድሞ ዘመን በዚያ አገር አንዲት የመሬት ሸረሪት የነደፈችው ሰው ካልጨፈረ አይድንም ተብሎ ይታመን ነበር። አውሮጳውያን ከዚያ በኋላ በሩቅ አገር እጅግ የሚበልጡ ሸረሪቶችን ባዩ ጊዜ ይህንኑ ስም ሰጧቸው። ጀርመኖች ግን «የወፍ ሸረሪት» ይሏቸዋል። ይኸውም ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የተባለችው ሠዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1699 እ.ኤ.አ. ወደ ሱሪናም ተሻግራ፣ በ1705 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ በዛፍ ላይ ሆና ትንሽ ወፍ የምትበላ ሸረሪት ሥላ በማሳየቷ ነው። ብዙዎች ለረጅም ጊዜ ነገሩን እንደ ተረት ቆጥረውባት ነበር።

ታራንቱላዎች በአኗኗራቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው በመሬት ውስጥ ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ድራቸውን አድርተው ይቀመጣሉ። የመሬቶቹ በአብዛኛው ዝግተኞች ሲሆኑ የዛፎቹ ግን ቀለል ያለ ሰውነትና ረዘም ያለ እግር ስላላቸው እጅግ ፈጣኖች ናቸው። በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ከእነዚህ ከፈጣኖቹ ወገን ስትሆን፣ የሳይንስ ስሟ ፔሲሎቴሪያ ሜታሊካ ነው። አገሯም ሕንድ ነው። ሰማያዊነቷ እንደ ልብስ በቀለም የተነከረ አይደለም፤ በጠጉሯ ላይ ያለው እጅግ ረቂቅ አሠራር ከብርሃን መካከል ሰማያዊውን ለይቶ ስለሚመልስ ነው እንጂ።

ስለ ሰውነቷ አሠራር ጥቂት እንናገር፤ አያያዝዋ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነውና። ዓይኖቿ ስምንት ቢሆኑም አጥርታ አታይም። ዓለምን የምታውቀው በእግሮቿ ጠጉር በኩል በሚደርሳት ንዝረት ነው። ስለዚህ የሰው እጅ ሲነካት ጌታዋ መሆኑን ለይታ ልታውቅ አትችልም፤ ጠላት ወይም ምግብ መጣ ትላለች እንጂ። እግሯንም የምታጥፈው በጡንቻ ሲሆን፣ ለመዘርጋት ግን በሰውነቷ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ እግሯ መግፋት አለባት። ውኃ የጠማት ሸረሪት እግሮቿ ከሆዷ በታች ተኮማትረው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሆዷ ደግሞ ስስ ከረጢት ስለሆነ ከሰው ቁመት ያህል ብትወድቅ ሊፈነዳና ልትሞት ትችላለች።

እንግዲህ አሳዳሪው ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። ቤቷ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ የመስተዋት ሣጥን ይሁን፤ ለአዋቂዋ 30 ሳንቲ ሜትር ወርድና 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ይበቃል። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ የዛፍ ቅርፊት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከበስተኋላው ትሸሸግበታለች። መደብ የሚሆን ጥቂት እርጥበት ያለው አፈር፣ አንድ የውኃ ሳሕን፣ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎችና የማይላላ መቆለፊያ ያስፈልጋሉ። የክፍሉ ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። ምግቧ ፌንጣና በረሮ ነው፤ ለአዋቂ ሸረሪት በሳምንት አንድ ጊዜ ማቅረብ ይበቃል። ቆዳዋን በምትለውጥበት ጊዜ በጀርባዋ ተጋድማ ስትታይ ሞተች ብሎ መንካት አይገባም። ያልተበላውንም ፌንጣ ቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር ድረስ በፌንጣ እንኳ ልትጎዳ ትችላለችና።

ከሁሉ የሚከብደው ሣጥኑን መክፈት ነው። የዛፍ ሸረሪት ስትደነግጥ መጀመሪያ የምታደርገው መሸሽ ነው፤ በአገሯ ከግንዱ ወዲህ ያለችው በቅጽበት ከግንዱ ወዲያ ትሆናለች። በቤት ውስጥ ግን ያ ግንድ የሰውየው ክንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሳዳሪዎች ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት የት እንዳለች ያያሉ፤ በእጃቸው ሳይሆን በረጅም ወረንጦ ይሠራሉ፤ ወደ ሌላ ሣጥን ሲያዛውሯትም በባዶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አድርገው፣ ግልጽ ኩባያና ወፍራም ወረቀት በአጠገባቸው ያኖራሉ። ብታመልጥም አያሳድዷትም፤ እስክትቆም ጠብቀው በኩባያው ይከድኗታል። በዚህ ሥራ ላይ የሚቸኩል ሰው በፍጥነት ሊወዳደራት እንደማይችል ፈጥኖ ይረዳል።

መሸሻ ባጣች ጊዜ የፊት እግሮቿን አንሥታ ትቆማለች፤ ያንንም ያልሰማ ይነከሳል። የአሜሪካ ታራንቱላዎች ብዙዎቹ የሚያሳክክ ጠጉር ከሆዳቸው ላይ በመበተን ይከላከላሉ፤ የሕንዷ ግን ይህ የላትም፤ ያላት ፍጥነትና መርዝ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የሐኪሞች ጥናት እንደሚያስረዳው የዚህ ወገን ሸረሪት ንክሻ ብርቱ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። ሕመሙ በአንዳንድ ሰው ላይ ለብዙ ቀናት ይቆያል፤ ከተወውም በኋላ ሊመለስበት ይችላል። በዚህ ንክሻ ሰው መሞቱ የተረጋገጠበት ጊዜ የለም። ቢሆንም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት እንጂ መብጣትም ሆነ መምጠጥ አይገባውም። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ሣጥኑ ቁልፍ ሳይኖረው ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሸረሪቲቱ በሰው ላይ ስለምታመጣው ጉዳት ነው፤ ሰው በእርስዋ ላይ የሚያመጣው ግን ይበልጣል። ሬጂናልድ ፖኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህችን ሸረሪት ለዓለም ያስታወቀው በ1899 እ.ኤ.አ. ነበር። የተገኘችውም ጉቲ በምትባለው የሕንድ ከተማ፣ በባቡር ጣቢያ የእንጨት ማከማቻ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ደብዛዋ ጠፍቶ ቆይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ከጉቲ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ በአንድራ ፕራዴሽ ጫካ ውስጥ እንደገና ተገኘች። የመጀመሪያይቱ ከእንጨት ጋር በባቡር ተጭና ሳትመጣ አልቀረችም ማለት ነው። የጫካው ስፋት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ያረጁት ዛፎችም ለማገዶና ለጣውላ ይቆረጣሉ። ዛፍ ተቆረጠ ማለት ለእርስዋ ቤት ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህም በ2008 እ.ኤ.አ. ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገብታለች። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ መላው ወገንዋ በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተደርጓል።

ወደ አድማጫችን ጥያቄ እንመለስ። ልጅዎ ጤና ነው፤ በዚያ አገር ሸረሪት የሚያሳድሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሸረሪቲቱም እርሱ ካልነካት አትነካውም። ነገር ግን ሲጽፉለት ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛው፣ ሸረሪቲቱ በሰው እጅ ከተፈለፈሉት መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት ከሻጩ ተቀብሏልን? ከጫካ የተሰረቀች ከሆነች በክፍሉ ውስጥ ያኖረው ጌጥ ሳይሆን የአንድ ጫካ ጉድለት ነውና። ሁለተኛው፣ ሴት የሆነች እንደሆነ ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ በሚመለስበት ጊዜ ለማን ሊተዋት አስቧል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሟላ መልስ ካለው፣ እናቱም እንቅልፋቸውን ይተኙ፤ እርሱም በመስተዋቱ በኩል እየተመለከተ ይደሰት። መውደድ ሁልጊዜ መዳሰስ አይደለም፤ ርቆ መጠበቅም መውደድ ነው።