ብስክሌትም እንደ ጫማ ልክ አለው

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረች የምትመስል ከተማ ናት። ከጣና ሐይቅ ዳርቻ እስከ ዓባይ ድልድይ የተዘረጉት ጎዳናዎቿ ሜዳማ ናቸው። ጠዋት ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ በብስክሌት ይጓዛል። ከከተማዋ ወጣ ባሉ ቀበሌዎችም ብስክሌት ከመጓጓዣነቱ ባሻገር ወደ ገበያ የሚወሰደውን ምርት ተሸካሚ ነው።

ብስክሌት በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ስህተት ይደጋገማል። ገዥው ቀለሙን ያያል፤ የማርሹን ብዛት ይጠይቃል፤ ዋጋ ተከራክሮና ከፍሎ ይወጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ጉልበቱን ማመም ይጀምረዋል፤ ወገቡ ይደክማል፤ የኋላው ቸርኬ ይወላገዳል። ያን ጊዜ "ዕቃው የማይረባ ነው" ይላል። ብስክሌት ወዳዶችና ነባር ጠጋኞች ግን አስቀድመው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው፤ የጋላቢውን ቁመት፣ የሚጓዝበትን መንገድና የሚጭነውን ጭነት። ቀለም የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ የፍሬሙ ልክ ነው። ገዥው ጫማውን እንዳደረገ ብስክሌቱን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ ሲቆም፣ ከላይኛው የፍሬም ዘንግ እስከ ብሽሽቱ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ኮረኮንች ላይ ለሚነዳ ሰው ክፍተቱ ከዚህም ቢሰፋ ይመረጣል፤ ድንገት እግሩን መሬት ማድረግ ይኖርበታልና። "ልጁ ያድግበታል" ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ብስክሌት ይህን ፈተና አያልፍም። ልብስ ሲሰፋ ያገለግል የነበረው ብልሃት እዚህ አደጋ ይሆናል፤ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ ብስክሌቱን ማቆም አይችልም።

ቀጥሎ የኮርቻው ከፍታ ይመጣል። ለዚህ ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ዘዴ አለ። ጋላቢው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተረከዙን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዳ ግን ፔዳሉን የሚረግጠው በተረከዙ ሳይሆን በእግሩ የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበቱ ጥቂት እንደታጠፈ ይቀራል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የውድድር ብስክሌት ነጂዎች ደግሞ በሒሳብ የሚሠራ ቀመር አላቸው። ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ያስተዋወቀው ይህ ቀመር፣ ከብሽሽት እስከ መሬት ያለው የእግር ርዝመት በ0.883 እንዲባዛ ያዛል። የእግሩ ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከፔዳሉ ማዞሪያ ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት 70.6 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቀመሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ሰውነት ነው። ሕመሙ ከጉልበት ፊት ለፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከጉልበት ጀርባ ከሆነ ወይም ዳሌ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ማስተካከያው አንድ ብሎን አላልቶ ኮርቻውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ነው። ለዚህ ሕመም ብስክሌቱን የሚሸጥ ሰው ብዙ መሆኑ ያስገርማል።

ሻጭም ገዥም አብዝተው የሚያወሩበት ክፍል ማርሽ ነው። "ባለ 21 ማርሽ" ሲባል ፊት ሦስት፣ ኋላ ሰባት ጥርሳም ክቦች አሉት ማለት ነው፤ ሦስት በሰባት ሲባዛ 21 ይሆናል። ይሁን እንጂ 21 የተለያዩ ፍጥነቶች አሉት ማለት አይደለም። የፊቱን ጥርስ ብዛት ለኋላው ማካፈል እውነቱን ያሳያል። ፊት 28 ኋላ 14 ጥርስ ሲሆን ውጤቱ ሁለት ነው፤ ፊት 48 ኋላ 24 ሲሆንም ሁለት ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ በሁለቱም ሁለት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ ሊታዩ የሚገባቸው ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ።

ፊት 28፣ ኋላም 28 ጥርስ ያለው ባለ 26 ኢንች ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ይህ ዳገት የሚያስወጣ ማርሽ ነው። ፊት 48፣ ኋላ 14 ሲሆን ደግሞ በአንድ ዙር ሰባት ሜትር ይጓዛል፤ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። ባለአንድ ማርሹ፣ ፊት 44 ኋላ 20 ጥርስ ያለው ባለ 28 ኢንች ጥቁር የጭነት ብስክሌት በአንድ ዙር አምስት ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለባሕር ዳር ሜዳ ይህ ይበቃል፤ እንዲያውም የሚበላሽ ነገር ስለሚያንሰው ከብዙዎቹ ይሻላል። ደሴ ወይም ጎንደር ላለ ሰው ግን ያው ብስክሌት እየተገፋ ዳገት የሚወጣ ሸክም ነው። ባለብዙ ማርሽ የገዛ ሰው ደግሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ሰንሰለቱ ከፊት ትልቁ ክብ ወደ ኋላ ትልቁ፣ ወይም ከፊት ትንሹ ወደ ኋላ ትንሹ ሲወጠር በአግድም ይጣመማል፤ ሰንሰለቱም ጥርሱም ቶሎ ያልቃል።

የብስክሌት ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ያለቀለት ብስክሌት ከመግዛት ይልቅ ፍሬሙን ከአንድ ቦታ፣ ቸርኬውን ከሌላ፣ መሪውን ከሌላ አሰባስበው የራሳቸውን መገጣጠም ይወዳሉ። ገንዘብ የሚቆጥብ መንገድ ነው፤ ገንዘብ የሚያባክንም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ስማቸው አንድ ሆኖ ልካቸው የሚለያይ ዕቃዎች መኖራቸው ነው። ትልቁ ምሳሌ ጎማ ነው። "28" የሚል ጎማ የገዛ ሰው ቸርኬው ላይ አልገባ ሊለው ይችላል፤ ምክንያቱም "28" ተብለው የሚሸጡ ጎማዎች ከአንድ በላይ ልክ አላቸው። የጥንቱ የጭነት ብስክሌት ጎማ የውስጥ ዲያሜትሩ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን የውድድርና የአስፋልት ብስክሌቱ 622 ነው። "26" በሚለውም እንዲሁ ነው፤ የተራራ ብስክሌቱ 559፣ የቀድሞው የከተማ ብስክሌት 590 ሚሊ ሜትር ነው። መፍትሔው ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ ተለያይተው የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ነው። "47-559" የሚል ከሆነ ጎማው 47 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የሚገባውም 559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከአሮጌው ጎማ ጋር ከተመሳሰለ ዕቃው ይገባል፤ ካልተመሳሰለ የሻጩ መሐላ አያስገባውም።

የኮርቻ ዘንግም በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ይለያያል። 27.2 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ፍሬም ላይ ቀጭኑ 26.8 ቢገባም እየሰመጠ ያስቸግራል፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ የፍሬሙ አንገት ይሰነጠቃል። የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ለመፍታት ብሎ ሲያጠብቀው፣ ወይም የቀኙን ፔዳል ለግራ በጉልበት ሲያስገባ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ይልጠዋል።

ያገለገለ ፍሬም ሲገዛ ብረቱን ከአሉሚኒየሙ መለየት ያስፈልጋል። ብረት ይከብዳል፤ ነገር ግን ሲሰበር ብልህ በያጅ ሊጠግነው ይችላል። አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ብየዳው ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ ከተበየደ በኋላም ጥንካሬው ይቀንሳል። በሁለቱም ላይ የመሪው አንገት ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጣት ይዳሰሳል። ቀለሙ የተሰነጠቀ፣ ወይም ብረቱ ያበጠና የተጨማደደ ከሆነ ብስክሌቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፍሬም በተለይ ሊመረመር ይገባዋል።

ክብደትን በተመለከተ ወጣቶች ብዙ ይጨነቃሉ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም ነው። በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በመሰል ቀላል ብስክሌት ነው የተጓዘው። ከእርሱ በፊት በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ኦሎምፒክ የተወዳደረው ገረመው ደንቦባ ዘመን ግን የውድድር ብስክሌት የብረት ነበር። ለዕለት ተጠቃሚ ስሌቱ ሌላ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ በድምሩ 80 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ቅነሳ የሚከፈለው ብዙ ገንዘብ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይቀንስም። ያ ገንዘብ ለደህና ጎማና ለፍሬን ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።

ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ነው። መያዣው ሙሉ በሙሉ ሲጨበጥ መሪውን መንካት የለበትም፤ የሚነካ ከሆነ ገመዱ ላልቷል ወይም የፍሬኑ ጎማ አልቋል። የፍሬኑ ጎማ የሚያርፈው በቸርኬው ላይ ብቻ ነው፤ የጎማውን ጎን ከነካ በጥቂት ቀናት ይበሳዋል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ የቸርኬው ማዕድን ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ በበጋ ደህና ይይዛል፤ በዝናብ ሲርስ ግን ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱ የሚቆምበት ርቀትም እጅግ ይረዝማል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ የተሻለ ነው። ሁለቱን ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ አሉሚኒየም ላይ አይለጠፍም። የብረት ቸርኬ ያለው ሰው በክረምት ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ቀለል አድርጎ እየያዘ ውኃውን ከቸርኬው ላይ ማስጠረግ አለበት።

ጭነት ለሚጭን አርሶ አደር የኋላው ቸርኬ ከሁሉ በፊት ይታያል። ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ቀድመው የሚበጠሱትም ብዙውን ጊዜ በሰንሰለቱ በኩል ያሉት የቸርኬው ሽቦዎች ናቸው። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ለፊት 32፣ ለኋላ 40 ሽቦ የሚደረግላቸው በዚህ ምክንያት ነበር። ሽቦዎቹ በጣት ሁለት ሁለት እየተደረጉ ሲጨበጡ ውጥረታቸው መቀራረብ አለበት፤ አንዱ ላልቶ ከተገኘ ሌሎቹ ሸክሙን ይወስዱና እነርሱም ይበጠሳሉ። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ማሽከርከርና ቸርኬው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ያለውን ርቀት መመልከት መወላገዱን ያሳያል። ጭነቱ በኮርቻው ከፍታ ከሚከመር ይልቅ በሁለት ጎን ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ብስክሌቱ አይንገዳገድም፤ የፊቱ ጎማም ቀልሎ አይነሳም።

የጎማ ንፋስ በአውራ ጣት ተጭኖ ብቻ አይለካም። የሚፈቀደው መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የተበሳ የውስጥ ጎማም ምስክርነት ይሰጣል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው እሾህ ወይም ምስማር ነው፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለው ንፋሱ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል። በመጀመሪያው ጊዜ የላይኛው ጎማ ውስጡ በጥንቃቄ ሳይዳሰስ መጠገን ከንቱ ነው፤ እዚያው የቀረው የግራር እሾህ አዲሱን ልጣፍ በማግስቱ ይበሳዋል።

ሰንሰለት ደግሞ በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 ተከታታይ ማያያዣዎች ከአንዱ ፒን መሐል እስከ መጨረሻው ፒን መሐል 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ልኬቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከጨመረ ሰንሰለቱ መቀየር አለበት። በሦስት ሚሊ ሜትር እስኪጨምር የጠበቀ ሰው የኋላውን ጥርሳም ክብም አብሮ ይገዛል፤ አዲስ ሰንሰለት ባለቀ ጥርስ ላይ እየዘለለ አያስነዳምና። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግና ከላይ የቀረውን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ከሞተር የወጣ ያገለገለ ጥቁር ዘይት መቀባት ግን አይመከርም፤ በውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። ብዙ ዘይት የጠጣ ሰንሰለትም አቧራ እየሰበሰበ ራሱን እንደ ሞረድ ይበላል።

አዲስ የተገዛም ሆነ አዲስ የተገጣጠመ ብስክሌት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይላላል። የፍሬን ገመድ ይረዝማል፤ የቸርኬው ሽቦዎች ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የፔዳሉ ክንድ ብሎን ይፈታል። ስለዚህ ሲገዛ ከሻጩ ወይም ከጠጋኙ ጋር የሁለተኛ ጊዜ ማጥበቂያ ቀን መነጋገር ተገቢ ነው። ከሱቁ ከመውጣት በፊትም የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። መሪው አንገት ላይ "ቋ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷልና ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ይጥበቅ።