አየር ወለዱ መሐንዲስና ጾሙ

ልጃቸው በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ወላጆች በረመዳን የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ልጁ አየር ወለድ መሐንዲስ ነው፤ ልምምድ ሲመጣበት ያፈጥራል። አባት ይቆጣል፣ እናት ታለቅሳለች። “ሥራ ከበደኝ ተብሎ ፈርድ ይተዋል ወይ?” ይላሉ።

መልስ ከመስጠት በፊት ሥራውን ማወቅ ይገባል። ይህ ወታደር ከአውሮፕላን በፓራሹት ይዘላል፤ ዋናው ሥራው ግን መሬት ከነካ በኋላ ነው የሚጀምረው። ፈንጂ ያመክናል፣ መሰናክል ያፈርሳል፣ የተቆፋፈረ ማኮብኮቢያ ይጠግናል። አውሮፕላን ማረፍ ካልቻለ ለወረደው ጦር ስንቅ ማድረስም ሆነ ቁስለኛ ማንሳት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1944 ሆላንድ ውስጥ በዋል ወንዝ ላይ የ307ኛው አየር ወለድ መሐንዲስ ሻለቃ ወታደሮች እግረኛውን ጦር በ26 የሸራ ጀልባዎች፣ በቀን ብርሃን፣ ተኩስ እየዘነበባቸው አሻገሩ። ከመጀመሪያው ጉዞ የተመለሱት ጀልባዎች ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። መሐንዲሶቹ በእነዚያው እንደገና ቀዝፈው የቀሩትን ወሰዱ። እንዲህ ያለ ሰው ክንዱ ቢዝል የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም።

አላህ በሱረቱል በቀራ ለታማሚና ለመንገደኛ ጾሙን በሌሎች ቀናት እንዲተኩ ፈቅዷል። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወደ መካ ሲዘመት፣ ጾሙ ሰዉን እንደከበደው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነገራቸው። ከዐስር በኋላ ውሃ አስመጥተው ሰው እያያቸው ጠጡ። ከዚያም በኋላ ጾማቸውን የቀጠሉ ሰዎች እንዳሉ ሲሰሙ አመፀኞች አሏቸው።

ስለዚህ ልጁ ለልምምድ ርቆ ከሄደ (አብዛኞቹ ዑለማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላሉ) መንገደኛ ነውና ማፍጠር ይችላል። በሻፊዒ መዝሀብ ግን ከመድረሻና ከመመለሻው ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቀመጥ ካሰበ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ነዋሪ ከሆነ፣ በቋሚ ካምፑም ሲሆን፣ ሌሊት ነይቶ፣ ሱሁር በልቶ ይጀምራል፤ የሚያፈጥረው ጉዳት ሲያሰጋው ብቻ ነው። ወረቀት ሲያገላብጥ ለዋለበት ቀን ዝላዩን ምክንያት ማድረግ አይሆንም፤ ወጣቶቹ ይህን ስንነግራቸው ብዙም ደስ አይላቸውም።

ቀዷውን የሚቀጥለው ረመዳን ሳይገባ ያውጣ። አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ ቀኑ አጭር ነው። አባትም ሲደውሉ “ስንት ቀን በላህ?” ከሚሉት “ቀዷህን መቼ ትጀምራለህ?” ቢሉት ይሻላል። እናት ደግሞ ያን ቀን ሱና ጾም ብትይዝለት ልጁ ብቻውን አይጾምም።