ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላ

ለገጠር መንደሮች ንጹሕ ውሃ ለማድረስ የሚደክሙ በጎ ፈቃደኞች፣ በውጭ አገር ተሰባስበው ለትውልድ ቀያቸው የሚያዋጡ ወገኖቻችንም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፦ ጉድጓዱ ከተቆፈረ፣ የእጅ ፓምፑ ከተተከለና ሪባኑ ከተቆረጠ መንደሩ ውሃ አግኝቷል። እምነቱ ከቅን ልብ የመነጨ ስለሆነ ለመንቀፍ ያስቸግራል። ማስረጃው ግን ሌላ ነው። በገጠር ውሃ አቅርቦት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰሐራ በታች ካሉ 20 ያህል አገሮች ያሰባሰበው ግምት ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች 36 በመቶ ያህሉ እንደማይሠሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ግምቶች ቁጥሩን ወደ ሩብ ዝቅ አድርገውታል። ሩብም ቢሆን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ኩሬና ወንዝ ተመልሰዋል ማለት ነው፤ በምረቃው ዕለት ግን «ውሃ ካገኙት» መካከል ተቆጥረዋል።

ፓምፕ ሲቆም ብዙ ሰው በማሽኑ ጥራት ወይም በነዋሪው ቸልተኝነት ያሳብባል። የተጣደፈ ቁፋሮና የዛገ ቧንቧ በእርግጥ ጉዳት ያደርሳሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃው የሚሸሽበት ቦታም አለ። ይሁንና በገጠራችን በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ ፓምፕ ገና ሲነደፍ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ቶሎ የሚያልቁት የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎቹ ውድ አይደሉም፤ በየጊዜው መለወጥ ግን አለባቸው። መለዋወጫው ያለው ሩቅ ከተማ ነው፤ ሥልጠና የወሰደው ወጣት ሥራ ፍለጋ ቀዬውን ለቋል፤ የውሃ ኮሚቴው ሣጥን ባዶ ነው። ለወራት ቆሞ የሚቀረውን ፓምፕ ብዙ ጊዜ ያቆመው የገንዘብና የአደረጃጀት ጉድለት ነው።

ድሃን ለውሃ ማስከፈል ግፍ ነው የሚለው ሁለተኛው እምነት የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ የሰው ልጅ መብት መሆናቸውን አጽድቋል። መብቱ የሚያስገድደው ዋጋው ከሰው አቅም በላይ እንዳይሆን ነው፤ ያለ ክፍያ ይሰጥ አይልም። ደግሞም ነጻ የሚባለው ውሃ በተግባር ነጻ ሆኖ አያውቅም። ቦኖው በተቋረጠበት ሰፈር ከአህያ ጋሪ በጀሪካን የሚገዛ ቤተሰብ ለአንድ ሊትር የሚያወጣው ቧንቧ ግቢው ከገባለት ሰው ይበልጣል። ገንዘብ የሌለው በእግሩ፣ በወገቡና በልጁ የትምህርት ሰዓት ይከፍላል። በየወሩ የእድር መዋጮውን ሳያጓድል የሚያወጣ ሰው ለጋራ ጉዳይ ማዋጣት አዲስ አይሆንበትም፤ የሚፈልገው ገንዘቡ የት እንደገባ በግልጽ የሚነግረው ነው። መክፈል የማይችሉ አሉ የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ማን ማን እንደሆኑ ግን ከመንደሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ኮሚቴው ከክፍያ ነጻ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የጥቂት አባወራዎች መዋጮ ጎማ ይለውጣል፤ የበሰበሰ ቧንቧ አያወጣም፣ ጉድጓድ አያድስም። ስለዚህ «ሕዝቡ ራሱ ያስተዳድረዋል» ብሎ ርክክብ ፈርሞ መሄድም ተረት ነው። ያለ ደመወዝ ገንዘብ የሚሰበስቡት፣ አጥሩን የሚጠብቁት፣ ተራ የሚያስከብሩት የኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ሸክሙን በእነርሱ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። በኬንያ ኪቱይ አካባቢ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በፓምፕ እጀታዎች ላይ እንቅስቃሴን በስልክ መረብ የሚያሳውቅ መሣሪያ ገጥመው፣ ተከፋይ የጥገና ቡድን አሰማሩ። ቀድሞ በአማካይ 27 ቀን ያህል ይወስድ የነበረው ጥገና ወደ 3 ቀን ገደማ ወረደ። ከበጎ አድራጊ የሚመጣ ገንዘብ ትልቁን ፍሬ የሚያፈራው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ስም የሚጻፍበት ድንጋይ ስለሌለው ግን ለጥገና የሚያዋጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ልማድ መለወጥ አለበት።

ጥገናው ቢሟላ እንኳ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከኩሬ ውሃ ለማላቀቅ በበጎ ሐሳብ ሚሊዮኖች የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ የሚቀዳው ውሃ አርሴኒክ እንዳለበት ታወቀ። መርዙ ቀለምም ጣዕምም የለውም፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ሲጠጣው ኖሯል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በወንጂና በሌሎች የሸለቆው አካባቢዎች ግን መጠኑ ከዚህ በብዙ ያልፋል፤ ጥርስን ያበልዛል፣ ሲበረታ አጥንትን ያጎብጣል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ አርሴኒክንም ፍሎራይድንም አያስወግድም። ስለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ ከቁፋሮው ወጪ ጋር መታሰብ ያለበት ነው። ከፓምፑ ንጹሕ የወጣ ውሃም ባልታጠበ ጀሪካን፣ ክዳን በሌለው እንስራና በሚጠለቅ ጣሳ እቤት ሳለ ይበከላል።

ውሃን ከሚበክሉት አንዱ የመጸዳጃ እጦት ነውና ስለ እርሱም ባጭሩ ልበል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ10 ሰው 8ቱ ያህል ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 2 ገደማ ዝቅ አለ። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ቤት ለቤት በዞሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ድካም የተገኘ ታላቅ ለውጥ ነው። ቢሆንም አብዛኛው የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚታጠብ ወለልም ክዳንም የለውም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ተካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የታተሙ ሰፋፊ ጥናቶች ርካሽ መጸዳጃ፣ እጅ መታጠቢያና ክሎሪን ማደል የሕፃናትን የቁመት እድገት እንዳላሻሻለ አሳዩ፤ ተቅማጥም የቀነሰው በባንግላዴሽ ብቻ ነበር። ይህ ሥራው ከንቱ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አይደለም፤ ጥቂት ነገር አድርጎ ብዙ መጠበቅ እንደማያዋጣ ግን ያስረዳል።

ፍጹሙን ስንጠብቅ ምንም የሌለው መንደር ይጠማ ወይ? አይጠማ። ምንጭ ይጎልብት፣ ጉድጓድም ይቆፈር። በጀቱ ሲወጣ ግን የምርመራው፣ የመለዋወጫውና የጥገና ባለሙያው ወጪ ለዓመታት ተሰልቶ አብሮ ይያዝ። አዲስ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትም በዚያው ወረዳ ከቆሙት ፓምፖች ስንቶቹ በመለዋወጫ ብቻ እንደሚነሡ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ በተዋጣው ገንዘብ ቀድመው መጠገን ያለባቸው እነዚያ ሊሆኑ ይችላሉ።