«ቆራጭ» ወይስ «አቃፊ»? ስለ አንድ ፕሮቲን ስያሜ

የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ሰዎች አስቸጋሪ ከሚሆኑት ቃላት አንዱ በእንግሊዝኛ «ስፕላይሲንግ» የሚባለው ነው። ቃሉ ከመርከበኞች ሙያ የመጣ ሲሆን፣ የሁለት ገመዶችን ጫፍ ፈትቶና አጠላልፎ አንድ ማድረግን ያመለክታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን «ቆረጣ» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ይህ የቃሉን ግማሽ ትርጉም ያስቀራል፤ ከዚያም ብሶ በሥራው ለሚሳተፉት ፕሮቲኖች የተሳሳተ ስም እንድንሰጥ ይመራናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲኤንኤ ላይ የሰፈረው መመሪያ በመጀመሪያ በአርኤንኤ ይገለበጣል። ግልባጩ ግን እንዳለ አይሠራበትም፤ በመካከሉ ለፕሮቲን ሥራ የማይነበቡ ክፍሎች ጣልቃ ገብተውበታልና። እነዚህ ወጥተው ቀሪዎቹ እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ ይህንን የተቆራረጠ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1977 አገኙ፤ በ1993ም የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ዋልተር ጊልበርት በ1978 የሚወጣውን ክፍል «ኢንትሮን»፣ የሚቀረውን «ኤክሶን» አለው። ተርጓሚ ከዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ በእንግሊዝኛ ጆሮ «ኤክስ» መውጣትን ስለሚያስታውስ፣ የሚወጣው ኤክሶን የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ኢንትሮንን «ጣልቃ ገብ ክፍል»፣ ኤክሶንን «ቀሪ ክፍል» ብሎ ማብራራትን እንመርጣለን።

ለዋናው ቃል መፍትሔ ስንፈልግ ገመድ ወደሚገመድበት አገር መመልከት ይበጃል። በከምባታ ዞን በአንጋጫና በአካባቢው፣ በከምባትኛ «ዌሳ» የሚባለው እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ቃጫው ለብቻው ይወጣል፤ ከደረቀም በኋላ ገመድ ይሆናል። የቃጫ ገመድ የሚገምድ ሰው የያዘው ቃጫ ሲያልቅበት የአዲሱን ጫፍ በነባሩ ጫፍ ላይ ደርቦ አብሮ ያከርረዋል፤ በመካከል የተበላሸ ቢያገኝ ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን ይቀጥላል። በዚህ ሥራ መቁረጥ ለመቀጠል አገልጋይ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ግብ አይደለም። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ቃጫው ተደራርቦ ሲቀጠል አርኤንኤው ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል፤ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል።

ከ«ቀጠለ» ስም ማውጣትም ቀላል አይደለም። «ቅጠላ» ቢባል አንባቢ ቅጠላ ቅጠልን ያስባል፤ «ቅጥያ»ን የሰዋስው ሰዎች ይዘውታል። ስለሆነም «ቆርጦ መቀጠል» የሚለውን ሐረግ መርጠናል። ረዝሟል ቢባልም ሁለቱንም ድርጊቶች በቅደም ተከተላቸው ይናገራል።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ እንምጣ። ቆርጦ መቀጠልን የሚያከናውነው ስፕላይሶዞም የተባለው ውስብስብ አካል ነው፤ በውስጡ አምስት ትናንሽ አርኤንኤዎችና ብዙ ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ከፕሮቲኖቹ ትልቁ ፒአርፒ8 ይባላል። በሰው 2,335፣ በቢራ እርሾ 2,413 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የሁለቱም ቅደም ተከተል ከግማሽ በላይ አንድ ነው። አንጋጫ ላይ በሚፋቀው እንሰት ሕዋስ ውስጥም አቻው አለ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በካምብሪጅ የኪዮሺ ናጋይ ቡድን የእርሾውን ፒአርፒ8 አብዛኛውን ቅርጽ አሳየ። ከክፍሎቹ አንዱ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም ይመስላል፤ ሊቃውንቱም የዚያን ኢንዛይም ክፍሎች «ጣቶች»፣ «መዳፍ»፣ «አውራ ጣት» እያሉ ይጠሯቸዋል። ሌሎች ሁለት ክፍሎች ደግሞ ኑክሊክ አሲድን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይመስላሉ። ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። መልኩን ያየ ተርጓሚ ፒአርፒ8ን «ቆራጭ ፕሮቲን» ቢለው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን እነዚህ ክፍሎች የቆራጭ መልክ እንጂ የቆራጭ ሥራ የላቸውም። በዚያው ዓመት በቺካጎ የተደረገ ምርምር እንዳረጋገጠው፣ ሥራውን የሚያካሂደው ዩ6 የተባለው አርኤንኤ በያዛቸው የማግኒዚየም አዮኖች አማካይነት ነው። በመጀመሪያ የኢንትሮኑ አንድ ጫፍ ተቆርጦ ወደ ራሱ ወገብ ይታጠፍና ሸምቀቆ ይሆናል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ኤክሶኖች ይገናኙና ሸምቀቆው ይለቀቃል። ፒአርፒ8 በዚህ ሁሉ ጊዜ ዩ6ንና የሚቀጠሉትን ጫፎች በጉድጓዱ አቅፎ በቦታቸው ያቆያል። ቃጫው እንዳይላላ ጫፎቹን አጥብቆ የሚይዘውን እጅ ያስታውሷል። ስለዚህ «አቃፊ ፕሮቲን» ብለነዋል። «አቃፊ» በኮምፒዩተር ቋንቋ ለሌላ ነገር መዋሉን አንዘነጋም፤ የሚያምታታ ግን አይመስለንም።

የስያሜው ጥንቃቄ እስከ ሕክምና ጽሑፍ ይደርሳል። በፒአርፒ8 ጅራት ላይ የሚደርስ ለውጥ በዘር የሚወረስ የሬቲና መመናመን ያመጣል፤ ፕሮቲኑ በየሕዋሱ ቢኖርም ጉዳቱ የሚታየው በዓይን ነው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ በኋላም የእይታው ዳር እየጠበበ ይሄዳል። አማርኛ ለምሽት አለማየት «ዳፍንት» የሚል ጥሩ ቃል አለው፤ ነገር ግን ሕመሙን በዚህ ቃል ብቻ መተርጎም አደጋ አለው። ዳፍንት ሲባል ሕዝቡ የሚያውቀው በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣውንና ቫይታሚኑ ሲሰጥ የሚሻለውን ነው። የሚወረሰው ግን በዚህ አይድንም። አንባቢው በቃሉ ተመርቶ የማይሆን ተስፋ እንዳይዝ፣ «ዳፍንት» የምልክቱ ስም ሆኖ ይቆይ፤ ሕመሙ «ወራሽ የሬቲና መመናመን» ይባል።

ለመዝገበ ቃላቱ ያቀረብነው ፍቺ የሚከተለው ነው። ቆርጦ መቀጠል፦ ከአርኤንኤ ግልባጭ ጣልቃ ገብ ክፍሎችን አውጥቶ ቀሪ ክፍሎችን ጫፍ ለጫፍ ማያያዝ። አቃፊ ፕሮቲን፦ በስፕላይሶዞም እምብርት ላይ ሆኖ ሥራውን የሚያካሂደውን አርኤንኤና የሚቀጠሉትን ጫፎች በቦታቸው የሚይዝ ፕሮቲን፤ ራሱ አይቆርጥም።