ሐበሾች የነገሡባት ቤንጋል፦ ጭቃ፣ ጡብና የሙስሊም ሠዓሊዎች



የደመራ ሰሞን ነበር። ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛችን ስልኩ ላይ ያገኘውን ቪዲዮ አሳየን። አሥር እጅ ያላት፣ ከሰው ቁመት የምትበልጥ የጭቃ ምስል በከበሮ ታጅባ ወንዝ ውስጥ ስትሰምጥ ያሳያል። "አስተግፊሩላህ" ያለም የሳቀም ነበር። ጓደኛችን ግን "ይህን ያህል ለፍተው ሠርተው ለምን ይጥሉታል?" ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ሰው አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ቪዲዮው የሕንድ ቤንጋል ውስጥ የሚከበረው የዱርጋ በዓል ነው። በሂንዱዎች ትረካ ማሂሻሱራ የሚባል የጎሽ መልክ ያለው ጋኔን ወንድ እንዳይገድለው ቃል ተገብቶለት ዓለምን አስጨነቀ። አማልክቱ መሣሪያቸውን አዋጥተው ለዱርጋ ሰጧት፤ እሷም በአንበሳ ላይ ተቀምጣ ገደለችው። አሥሩ እጆች የመሣሪያዎቹ መያዣ ናቸው። በዓሉ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ይውላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ የኮልካታውን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ምስሉ የሚሠራው ኮልካታ ውስጥ ኩማርቱሊ በሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። መጀመሪያ ከቀርከሃና ከእንጨት አጥንቱ ይቆማል፤ ከዚያ ጭድ ይታሰርበታል፤ በላዩ የወንዝ ጭቃ ይለሰናል፤ መጨረሻ ላይ ቀለም ይቀባል። በእሳት አይተኮስም። ስለዚህ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። የጓደኛዬም መልስ እዚህ ላይ ነው፦ በእነሱ እምነት አምላኳ ለጥቂት ቀን እንግዳ ሆና ትመጣለች፤ በአሥረኛው ቀን ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች፤ ጭቃውም ወደ መጣበት ወንዝ ይሄዳል። መፍረሱ የሥራው ክፍል ነው። ደመራን ቀን ሙሉ አቁመው ሲያቃጥሉት ያየ የደብረ ብርሃን ልጅ ነገሩ ብዙም አይገርመውም።

እስከዚህ ድረስ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ግን ቤንጋልን ለጥቂት ዓመታት የገዙት ሐበሾች ነበሩ።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤንጋል ሱልጣኖች ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችን በሠራዊትና በቤተ መንግሥት አሰባሰቡ። ሕንዶች ሐብሺ ይሏቸዋል። ከእኛ በታች ያለው የይፋት ቆላ የሱልጣኔት አገር ነበር፤ የንግዱ መስመርም ወደ ዘይላዕ ይወርድ ነበር። ባሪያ ከዚህ አካባቢ መውጣቱ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር ካለችው አልዩ አምባ ወደ ታጁራ የሚወርዱት ሲራራዎች ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ይነዱ ነበር። ይህን ስናነብ በኩራት ብቻ ማለፍ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1487 የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሱልጣኑን ገድለው ሥልጣን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ማሊክ አንዲል የተባለው ሐበሻ የጦር አዛዥ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ተብሎ ነገሠ። ለድሆች ለጋስ እንደነበር ተጽፏል። በዋና ከተማው በጎር የሚገኘውና ፊሩዝ ሚናር የሚባለው ባለ አምስት ደርብ የጡብ ማማ የእሱ ሥራ እንደሆነ ይነገራል፤ ቁመቱ 26 ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬም በባንግላዴሽ ድንበር አጠገብ ቆሟል። የሐበሾቹ ዘመን ግን ስድስት ዓመት ገደማ ብቻ ቆየ። አላኡዲን ሑሰይን ሻህ ሥልጣን ሲይዝ ሐበሾቹን አባረራቸው።

ማማው ለምን በጡብ ተሠራ? ቤንጋል ደለል ነው፤ ድንጋይ የለውም። ያለው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ሲተኮስ ጡብ ይሆናል፣ ሳይተኮስ የበዓል ምስል ይሆናል። ዝናቡም ከባድ ስለሆነ የገጠሩ የቀርከሃ ጎጆ ውሃ እንዲያንሸራትት ጣሪያው ጎብጦ ይሠራል። መስጊድና መቃብር የሠሩት ሙስሊም ግንበኞች ይህንን ጉብጠት ወደ ጡብ አመጡት። ፓንዱዋ ያለው የኤክላኺ መቃብር ቀደምት ምሳሌ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ የቢሽኑፑር ሂንዱ ነገሥታት ቤተ መቅደሶቻቸውን ሲያሠሩ ያንኑ የጎበጠ ጣሪያ ወሰዱ፤ በ1655 የተሠራውን ጆር ባንግላን ማየት ይበቃል። ልዩነቱ ግድግዳው ላይ ነው። የመስጊዶቹ ሸክላ በአብዛኛው ቅጠልና አበባ ነው፤ የቤተ መቅደሶቹ ደግሞ በአማልክትና በጦርነት ትረካ ተሞልቷል። ለእኔ እንደ ምህንድስና ተማሪ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ቴክኒኩ አንድ ሆኖ እምነቱ ግድግዳው ላይ ይለያል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን ፓቱዋዎች ዘንድ ነው። በምዕራብ ቤንጋል ናያ በምትባል መንደር የሚኖሩ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው። በረጅም ጥቅል ወረቀት ላይ ታሪክ ይሥላሉ፤ ጀርባውን በአሮጌ የሳሪ ጨርቅ ያጠናክሩታል። ቢጫው ከእርድ፣ ጥቁሩ ከጥላሸት ይወጣል። ጥቅሉን እየፈቱ ሥዕሉን በጣት እያመለከቱ በዜማ ያወሩታል። የሚሥሉት የዱርጋንና የእባቧን አምላክ የማናሳን ታሪክ ነው፤ ነብር የሚጋልበውን የሙስሊም ደግ ሰው የጋዚ ፒርንም ይሥላሉ። የሱናሚው አደጋም በጥቅላቸው ገብቷል። ብዙዎቹ አንድ የሂንዱ አንድ የሙስሊም ስም አላቸው። ከሁለቱም ወገን ግን ሲናቁ ኖረዋል፤ ሂንዱው ከዝቅተኛ ወገን ቆጥሯቸው፣ ሙስሊሙ ሥራቸውን ነቅፎ። ሸማኔንና ቀጥቃጭን "ባለ እጅ" እያለ ሲንቅ በኖረ አገር ያደግን ልጆች ይህን ንቀት እናውቀዋለን።

ታዲያ የእነሱን ሥራ እንዴት እናየዋለን? የሚመለክ ምስል መሥራት ለሙስሊም አይፈቀድም፤ እዚህ ላይ የማለሳለስ ሐሳብ የለኝም። አንዳንድ ወንድሞች የአንኮበር ሥር የአርጎባ ሸማኔን ያነሳሉ፤ ሸማው በየትኛው በዓል እንደሚለበስ ገዥውን አይጠይቅም። ግን ሸማ ልብስ ነው፤ የአምላክ ሥዕል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ከሸማኔው ጋር የሚነጻጸረው ይልቅ የጎር ግንበኛ ነው፤ ጣሪያውን ሠራ፣ ሌላው ወሰደለት።

ይሁንና ማወቅና ማምለክ ይለያያሉ። አልቢሩኒ በ1030 ገደማ ስለ ሂንዱዎች እምነት ትልቅ መጽሐፍ ሲጽፍ ሳንስክሪት ተምሮ፣ እነሱ ራሳቸው እንደሚሉት አድርጎ ነበር። ሱረቱል አንዓምም (6፡108) ሌሎች ከአላህ ሌላ የሚጠሩትን እንዳንሰድብ ይከለክለናል። ያን ማታ ዶርም ውስጥ ስንስቅ ይህን ያስታወሰ ከመካከላችን አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ቪዲዮውን ያሳየን ጓደኛችን ክርስቲያን ነው። ፓቱዋዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት ነገርኩት፤ የጠየቀኝም ያው የጠበቅሁትን ነበር፦ "ሙስሊም ሆነው እንዴት?" ከላይ የጻፍኩትን ነው የመለስኩለት።