ኦዲት ለምን ይጥላል?

«ሌላውን ሠርቼው ነበር፤ ኦዲቱ ነው የጣለኝ።» በመንዝና በመርሐቤቴ አካውንቲንግ ያጠና ልጅ ካለበት ቤት ይህ ቃል አይጠፋም። ሞላሌ ይባላል፣ ዓለም ከተማ ይባላል፣ ራቤል ይባላል። ቤተሰቡ ኦዲት ምን እንደሆነ በቅጡ ባያውቅም ልጁን የጣለበትን ጠላት በስም ያውቀዋል። ወሬው ከዚያ በኋላ በራሱ እግር ይሄዳል፤ ገና ኮርሱን ያልጀመረ ተማሪ እንኳ አስቀድሞ ይፈራዋል።

ይሁንና ወሬው የተለያዩ ፈተናዎችን በአንድ ስም ይጠራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተና፣ ልጆቹ «ኤግዚት» የሚሉት፣ ዲግሪ ለመያዝ እንጂ በኦዲተርነት ፈቃድ ለመሥራት የሚበቃ አይደለም። በዚያ ዙር ከሁሉም የትምህርት መስኮች ተፈታኞች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ። የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተፈታኝ የኦዲት ጥያቄዎችን የሚያገኛቸው ከሌሎቹ ኮርሶች ጋር ተቀላቅለው ነው፤ የሚቆጠረውም ድምሩ ነው። እዚህ ላይ «ኦዲቱ ጣለኝ» ማለት ከምክንያትነቱ ይልቅ መጽናኛነቱ ያመዝናል። እንዲያውም የተገላቢጦሹ ያሳስበኛል፦ የኦዲቱን ጥያቄዎች አብዛኞቹን ስቶ በኮስትና በፋይናንሻል አካውንቲንግ ጉልበት ማለፍ ይቻላል። ድክመቱ ተሸፍኖ ይከርምና ዋጋው በሚያስከፍልበት ቦታ ብቅ ይላል።

ያ ቦታ ኤሲሲኤ የተባለው የእንግሊዝ የሙያ ማኅበር ፈተና ነው። በአዋጅ ቁጥር 847 መሠረት ኦዲተሮችን የሚመዘግበውና ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው፤ ወደዚያ ፈቃድ የሚያስበው ወጣት ደግሞ በብዛት የሚሄደው በዚሁ በኤሲሲኤ ፈተና በኩል ነው። እዚያ ኦዲት ራሱን የቻለ ወረቀት ነው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ማለፊያው 50። የመካከለኛው ደረጃ ኦዲት የማለፍ ምጣኔ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ የከፍተኛው ደረጃ ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ ባለው መካከል ይመላለሳል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የመንዝ ልጅ ብቻ የሚወድቅበት ፈተናም አይደለም፤ ለንደንም ሌጎስም ይወድቁበታል።

በሌላ በኩል የአሜሪካውን የሂሳብ ባለሙያዎች ፈተና፣ ሲፒኤን፣ እንይ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚያውቁት ነው። እዚያም ኦዲት ከግማሽ ያላነሱ ተፈታኞችን ይጥላል፤ ግን በማለፍ ምጣኔ ከሱ ዝቅ የሚለው የፋይናንስ ሪፖርቱ ክፍል ነው። እዚያ ከባዱ የሂሳብ ሥራው ነው። እኛ ዘንድ የሂሳብ ሥራውን እንደ ውኃ ጠጥቶ ኦዲት ላይ የሚታነቀው ተማሪ ከየት መጣ?

የተለመደውን መልስ ሁሉም ያውቀዋል፦ እንግሊዝኛ፣ ሽምደዳ፣ መምህር። ሐሰት ነው አልልም። ቁጥር ቋንቋ ይሻገራል፤ ዴቢትና ክሬዲት የገባው ልጅ ጥያቄውን ግማሹን ብቻ ተረድቶም ሚዛኑን ያመጣል። ኦዲት ላይ ግን አራቱም ምርጫዎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚፈለገው «ከሁሉ ይልቅ ተገቢው» ነው፤ ልዩነቱም በአንዲት ቃል ላይ ይንጠለጠላል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሲጨመርበት፣ መርሐቤቴ ተቀምጦ ለውጭ አገር ፈተና መዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን እንግሊዝኛው ጎበዝ የሆነውም ይወድቃል። ብዙም የማይነሳው ምክንያት፣ እንደ እኔ እይታ፣ የመቀመጫው ጉዳይ ነው። የኦዲት ጥያቄ ሁሉ የሚጻፈው ከኦዲተሩ ወንበር ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ኦዲትን ያየው፣ አይቶት ከሆነ፣ ከተመርማሪው ወንበር ነው።

በወረዳ ፋይናንስ «ኦዲተር መጣ» የተባለ ቀን እንዴት እንደሚዋል የሠራበት ያውቀዋል። ፋይል ይወጣል፤ የጎደለ ደረሰኝ ይፈለጋል፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) ያልተቆረጠለት ዕቃ ካለ ንብረት ክፍሉ ላብ ያጠምቀዋል፤ የዕቃ ወጪ ደረሰኙ (ሞዴል 22) ላይ የተረካቢ ፊርማ ከጎደለ ሰውየው ከያለበት ተጠርቶ ይመጣል። ከሳምንታት በኋላ «ግኝት» የሚባል ወረቀት ይደርሳል፤ ይህን ያህል ብር ይመለስ፣ ለዚህኛው መልስ ይሰጥ። ኦዲተሩ ለምን ይህን ፋይል መርጦ ያንን እንደተወ፣ በራሱ ማስታወሻ ላይ ምን እንደጻፈ፣ የትኛውን ጉድለት ንቆ እንዳለፈ ግን ማንም አያይም። የኦዲተሩ የሥራ ፋይል ምስጢር ነው፤ መሆንም አለበት። ስለዚህ ሙያው ከውጭ ሲታይ ድንጋጤና ውጤት ብቻ ነው፤ መካከሉ የለም። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ መካከሉን ነው።

ቋንቋችንም ይህን እይታ ያግዘዋል። ኦዲተርን በአማርኛ ስንተረጉመው «የሂሳብ መርማሪ» አልነው፤ መርማሪ ደግሞ ለጆሯችን የፖሊስ ዘመድ ነው። (የላቲኑ ሥር መስማት ማለት ነው፤ ድሮ ሂሳብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚያዳምጥ ሰው።) በዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 240 ግን ማጭበርበርን የመከላከልና የማግኘት ቀዳሚ ኃላፊነት የድርጅቱ አመራር ነው፤ ኦዲተሩ የሚሰጠው ሂሳቡ በጠቅላላው ከጉልህ ስህተት ነጻ ስለመሆኑ ምክንያታዊ ማረጋገጫ ነው። «የኦዲተር ዋና ተግባር ምንድን ነው?» ሲባል «ሌባ መያዝ» የሚለውን ምርጫ የሚያከብበው ተማሪ ሰነፍ አይደለም። ያየውን ነው የመለሰው።

ይበልጥ የሚገርመው ልምድ ያለው ሰው መውደቁ ነው። በወረዳ ደረጃ ዓመታት በውስጥ ኦዲት የሠራ ባለሙያ እናስብ። የለመደው እያንዳንዱን ቫውቸር ገልጦ ከመመሪያው ጋር ማስተያየት ነው። ፊርማ አለ? አለ። ማኅተም? አለ። የበጀት መደብ? ትክክል። ፈተናው ይመጣና «ከ9,000 ክፍያዎች የትኞቹን ትመረምራለህ? ለምን?» ይለዋል። «ሁሉንም» ይላል፤ ለመንግሥት ገንዘብ የተጠነቀቀ ሰው ሌላ ምን ይበል? ዜሮ ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ስጋቱ የት እንዳለ ለይቶ፣ ጉልህ የሚባለውን መጠን ወስኖ፣ ናሙና አውጥቶ፣ ምክንያቱን የሚናገርን ሰው ነው። የዚህ ሰው ትጋት ፈተናው ላይ ስህተት ሆኖ ይቆጠርበታል።

የመጋዘኑን ጥያቄ ደግሞ ልውሰደው፤ በየዓመቱ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይመጣል። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያ አለው። መዝገቡ 400 ኩንታል ይላል። መዝገቡን ይዘህ መጋዘን ገብተህ ብትቆጥርና 380 ብታገኝ የጎደለውን ደረስክበት፤ ያረጋገጥከው «የተጻፈው በእርግጥ አለ ወይ?» የሚለውን ነው። መጋዘኑ ጥግ ተከምሮ መዝገብ ላይ ጭራሽ ያልሰፈረውን ግን በዚህ መንገድ አታገኘውም። ያንን ለማግኘት ከከረጢቱ ተነስተህ ወደ መዝገቡ መሄድ አለብህ፤ ጥያቄው «ያለው ሁሉ ተጽፏል ወይ?» ነውና። ዕዳም እንዲሁ ነው፦ ያልተመዘገበ ዕዳ ከመዝገብ ተነስቶ አይገኝም። ይህን መጋዘን ውስጥ ቆሞ አንድ ጊዜ ያደረገው ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ከሃንድአውት የሸመደደው ግን ፈተናው ላይ «ከየት ወደ የት ነበር?» እያለ ሁለቱን ያማታቸዋል። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ናቸው ለሱ፤ አቅጣጫ የላቸውም።

ይህን ስል በመንዝና በመርሐቤቴ ማረጋገጥ የሚባል ነገር አይታወቅም ማለቴ አይደለም። ዕድርም የራሱን ገንዘብ ያዥ የሚቆጣጠር ሰው ይመርጣል። በመንዝ የጓሳን ሣር ምድር ለዘመናት ያቆየውም ሥርዓት ሣሩን የሚያስጠብቁትን አለቆች ከተጠቃሚው መካከል አስመርጦ፣ ሣሩ ሳይደርስ የሚያጭደውን ይቀጣ ነበር። ስለ ኦዲተር ገለልተኝነት የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ጠባቂው ተጠሪነቱ ለማን ነው? አጫጁ ጎረቤቱ፣ አበ ልጁ ወይም አማቹ ሲሆንስ? ይህንን የመሐል ሜዳ ሽማግሌ ሳይቸገር ይመልሰዋል። ልጁ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ያገኘው የሌላ አገር ኩባንያ የቦርድ ሊቀ መንበርና የኦዲት ድርጅት ሸሪክ ጎልፍ አብረው ሲጫወቱ ነው፤ ከአያቱ ጨዋታ ጋር የሚያገናኘው ክር ማንም አላሳየውም።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የኦዲት ድርጅት ውስጥ መቀጠር ያስፈልጋል፤ ኤሲሲኤም ቢሆን ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ድርጅቶቹ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። በጣርማ በር በኩል የወጣው የመንዝ ልጅና ጀማን ተሻግሮ የመጣው የመርሐቤቴ ልጅ እዚያ ቤት ተከራይተው በትንሽ ደመወዝ ጥቂት ዓመት መቆየት ከቻሉ ፋይሉን ያዩታል። ካልቻሉ አያዩትም። የቻለው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ወደ መሐል ሜዳ አይመለስም፤ ምን ሊሠራ ይመለሳል? እዚያ የሚቀሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኦዲት እስኪደረጉ ተራ ይጠብቃሉ፤ ኦዲት ሳይጠናቀቅ ደግሞ ለአባሉ የትርፍ ክፍፍል የለም። ገበሬው የልጁን ፈተና ስም የሚሰማው አንድም በመውደቁ፣ አንድም በክፍፍሉ መዘግየት ነው፤ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው የለም።

መፍትሔ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ቲቶሪያል ነው። እጠራጠራለሁ። ቲቶሪያል የጥያቄ መልክ ያስለምዳል፤ አንድ ዙር ያሳልፋል፤ ወንበር ግን አያስቀምጥም። ተማሪዎችን ከማኅበራት ኦዲተሮች ጋር ለአንድ ክረምት ማሰማራት የተሻለ ይመስለኛል፤ ከመጋዘኑ ጋር ያገናኛቸዋልና። ግን እዚህም ስጋት አለኝ፦ ቀድሞ የተነሳውን ቫውቸር ሁሉ የመግለጥ ልማድ ይዘው ቢመለሱስ? የሚያሠራቸው ሰው «ይህንን ለምን መረጥን፣ ያንንስ ለምን ተውን?» ብሎ ካልጠየቃቸው የሚያገኙት ድካም ብቻ ነው።

እስከዚያው ድረስ ተፈታኙ የራሱን ሂሳብ ይሠራል። የኤሲሲኤ ክፍያ በፓውንድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብሩ ዋጋ ሲወርድ የአንድ ወረቀት ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ኦዲት ላይ መውደቅ ማለትም ያንኑ ገንዘብ እንደገና መክፈል ነው። በከፍተኛው ደረጃ አራት የምርጫ ወረቀቶች አሉ፤ የፋይናንስ አስተዳደር፣ የአፈጻጸም አስተዳደር፣ ታክስና ኦዲት። ሁለቱን መምረጥ ይበቃል። በስሌት የሚተማመን፣ ወዳጅ ዘመድ አዋጥቶ የላከው ልጅ ቅጹን ሲሞላ ፋይናንስ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሁለተኛውንም ይመርጣል። ኦዲት የሚለው ሳጥን ባዶውን ይቀራል።